ከዜሮ እስከ መቶ

ጥርስ ነው ሥራዬ፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣
በጀሶ ብናኝ ውስጥ ነጥቼ የምታይ፤
ለሰው አፍ ዘውዱን፣ ድልድዩን ሞርጄ
አመሻሽ ላይ በእግሬ ለገሃር ወርጄ
አንድ መስታወት ፊት መቆም ነው ልማዴ፤
ሳላያት ብገባ አይተኛልኝም ሆዴ።

ትንሽ ናት። ቀይ ናት። ከኋላ ቁርጥ ያለች፣
አምስት በር፣ ዝቅ ብላ መሬት ያቀፈች፣
ልትዘል እንዳሰበች ቁንጫ ያደባች።
ሙያተኛ ዓይኔ አፏን ሲመረምር
የተበላ የለም፣ ያ ጥርሷ ድርድር።

ከዜሮ እስከ መቶ በስድስት ሰከንድ፣
ይላል ወረቀቷ። ስድስት! በዚህ መንገድ!
እኔ ከሜክሲኮ ስታዲየም ለመድረስ
ስድስቴ አዛጋለሁ ታክሲው እስኪላወስ።

መጀመሪያ ያየኋት በሚያዝያ ወር ነው፤
ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ ነው ዋጋው።
‹ይቻላል› አልኩ ያኔ፤ ጥርሴን ነካክሼ፣
ቁርሴን ከምሳዬ አንድ ላይ ጎርሼ፣
የወይዘሮ ብርነሽ እቁብ ውስጥ ገብቼ
ሁለት ሙሉ ዕጣ በስሜ አስጽፌ፣ ስንቱን ቀን ቆጥሬ፣ ስንቱን ሌት አምሽቼ፣
ኅዳር ላይ ደረሰኝ። ብሩን ታቅፌ
ቁልቁል ሮጥኩኝ፤ በሩ ላይ አርፌ
ላቤን ጠረግኩና ስገባ፣ ይርጋለም፣
(ሻጩ ነው) ‹ወንድሜ፣ ያ ዋጋ አሁን የለም›
አለኝ። በሐፍረት ነው፣ እውነት ለመናገር፤
ቀና ብሎ አላየኝ፣ ያያል ወደ ምድር።

ከመስታወቷ ላይ አንዲት ወረቀት አለች፤
በላይዋ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ የደረበች።
‹ዶላር ወጣ› ይላል አንዱን ሲለጥፍ፤
‹ቀረጥ ነው› ይለኛል ሁለተኛውን ሲያጥፍ፤
ለሦስተኛውማ ምክንያትም አልሰጠኝ፤
ማጣበቂያውን ከጣቱ ላይ እየላጠ ‹እንግዲህ…› አለኝ።

ሁለት ተኩል ሆነች። ሦስት። ሦስት ከስድስት።
በጥፍሬ ጠርዙን ሳነሳው በቅጽበት
ከሥር ብቅ አለ ያ የሚያዝያው ቁጥር፤
ትንሽዬ፣ ነጭ፣ የልጅነት ምስጢር፣
አሞራ ይውሰድልኝ ብዬ ጣራ ላይ
የወረወርኩት የወተት ጥርስ መሳይ።

ያኔ ገባኝ።
መኪናዋማ ቆማለች፤
ከሚያዝያ ጀምሮ አንዲት ክንድ አልሄደች፤
የሚፈተለከው፣ ቱርቦ የገጠሙለት፣
ዋጋዋ ነው እንጂ። ማን ሊደርስበት!
ፍሬን የለው፣ ማርሽ የለው፣ ቀይ መብራት አይፈራ፤
እኔ ደግሞ በእግሬ፣ እቁቤን በጉያዬ፣ ከኋላ፣ በአቧራ።

ትናንት ሊዘጋ ሲል፣ መብራቱን አጥፍቶ
‹ና፣ ግባ› አለኝ ይርጋለም በሯን ከፍቶ።
መሪውን ያዝኩት። አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል፤
እሱ ከጎኔ ነው፣ ቀበቶውን አስሯል፤
ሞተሩ ጠፍቷል። የአውቶብስ መብራቱ
ከውጪ ሲያልፍ ይሮጣል በመስታወቱ፤
የሄድን ይመስላል።
‹ስንት ደረስን?› አለኝ።
‹ሰማንያ› አልኩት። ‹ጨምር!› ብሎ ገፋፋኝ።
ጨመርኩ። ፖስታ ቤትን፣ ጥቁር አንበሳን አልፈን፣
ዳገቱን እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ተፈተለክን፤
‹ቀስ!› አለ ይርጋለም፣ እጀታውን ጨብጦ።
ዘበኛው ጋሽ ደቻሳ በባትሪው አፍጦ
አየን፤ ምንም ሳይል ፊቱን አዞረልን።

ቆልፈን ወጣን። ሰልፍ ላይ ተገተርን፣
ሁለታችንም ለአንድ ታክሲ፣ በካፊያ።
ጫማው አፉን ከፍቷል። የእኔም እንደዚያ።
‹ስንት ዓመት ሸጥክ?› አልኩት። ‹ሰባት።› ‹አንተስ፣ የራስህ?›
ሳቀ። ያኔ አየሁት፤ ከላይ፣ በስተግራ፣ የጎደለ ጥርስ።

‹ሰኞ ጠዋት ና› አልኩት። ‹እሱን እሞላልሃለሁ፤
በሚያዝያው ዋጋ።›